ኮሮና የሐዋሳን የሥራ ገበያ እንዴት ለወጠው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ከኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች፣ ከሆቴል አስተናጋጆች፣ ከባጃጅ ሾፌሮችና ከተማሪዎች አፍ የሚሰሙ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁ ሲሆን እንጠቅሳለን።

በሽታው ገና ሐዋሳ ሳይደርስ ሥራው እንዴት ቀድሞ ጠፋ?

ብዙ ሰው ሲያስታውሰው መጀመሪያ በሽታው መጣ፣ ቀጥሎ አገር ተዘጋ፣ ከዚያ ሥራ ጠፋ ይላል። ሐዋሳ ላይ ነገሩ በዚህ ቅደም ተከተል አልመጣም። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከዚያ በፊት፣ በጥርና በየካቲት፣ የቻይና ፋብሪካዎች ተዘግተው ስለነበር ጨርቅ፣ ዚፕና ቁልፍ ከዚያ የሚያስመጡ ልብስ ሰፊዎች ዕቃ ዘግይቶባቸዋል። መጋቢት ላይ ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ የልብስ ሱቆች በራቸውን ዘጉ፤ ታላላቆቹ ገዢዎችም ትእዛዝ መሰረዝ ጀመሩ። ባንግላዴሽ ብቻዋን ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ትእዛዝ እንደቀረባት አምራቾቿ አስታውቀዋል። ሐዋሳም የዚያው ገበያ ጫፍ ናት።

የልብስ ፋብሪካ ገበያ አይቶ ሳይሆን ትእዛዝ ተቀብሎ ነው የሚሰፋው። ጨርቁን አስገብቶ፣ አሰፍቶ፣ ኮንቴይነር ጭኖ ከላከ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ይከፈለዋል። ገዢው መሃል ላይ «ይቅርብኝ» ካለ የጨርቁም የደመወዙም ዕዳ ፋብሪካው ላይ ይቀራል። በሐምሌ 2008 የተመረቀውና በመጀመሪያው ምዕራፍ 52 ሼዶች የተሠሩለት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ከሞላ ጎደል የተመሠረተው በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ኒውዮርክ ላይ የተዘጋ ሱቅ ሐዋሳ ላይ የስፌት መስመር (ላይን) ሲያስቆም በከተማው የሚያስል ሰው መኖር አልነበረበትም።

ሠራተኛ ማሰናበት ተከልክሎ አልነበረም እንዴ?

ተከልክሎ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 2012 ለአምስት ወር የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ማስፈጸሚያ ደንቡ አሠሪ ከተፈቀደው አሠራር ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከልክለዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) እና የአሠሪዎች ወገን በሥራ ቦታ ስለሚወሰደው እርምጃ በአንድ ፕሮቶኮል ተስማምተዋል። ሥራ አቁሞ ደመወዝ መክፈሉን ለቀጠለ ድርጅትም የአራት ወር የደመወዝ ገቢ ግብር ተትቶለታል።

ክልከላው ጠቅሟል። ብዙ ፋብሪካ ሠራተኛውን ከመበተን ይልቅ ከነደመወዙ ፈቃድ አስወጥቶ ያቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ክፍተቱ ሌላ ቦታ ነበር። በመጀመሪያ፣ «እንዳታሰናብት» የሚለው ትእዛዝ የሚይዘው የሥራ ውል ያለውን ሰው ነው፤ ውል የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ጫኝና አውራጅ ከመጀመሪያውም አልተቀጠረም ተብሎ ነው የሚታየው። ሁለተኛ፣ የመሠረታዊ ደመወዝ መከፈል ኑሮን አይሸፍንም። ትርፍ ሰዓቱና የመገኘት ቦነሱ ሲቀር ለብዙዎቹ የቀረው ከኪራይ አያልፍም። ሦስተኛ፣ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ የፈረመን ሰው ክልከላው አያድነውም። ለምን ፈረሙ ብሎ ከመውቀስ በፊት በስንት ሰዎች ፊት፣ በምን ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት እንደቀረበላቸው መጠየቅ ይቀድማል።

ከፓርኩ የወጡት ልጆች የት ሄዱ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህኛው ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን።

የፓርኩ ሠራተኛ አብዛኛዋ የሐዋሳ ተወላጅ አይደለችም። ከበንሳ፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከሁላ፣ ከወላይታ ገጠር ትምህርቷን ጨርሳ ወይም አቋርጣ የመጣች ወጣት ናት። አንድ ክፍል ከሦስት ከአራት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። ግንቦት 2011 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሪፖርት የመነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ብሎ ጽፎታል፤ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ማለት ነው። ያው ሪፖርት ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ዓመታቸው ከያዙት ሠራተኛ ቁጥር የሚስተካከል ሰው እንደለቀቀባቸውም ይናገራል። መግባትና መውጣቱ ከኮሮና በፊትም ነበረ፤ ኮሮና መግቢያውን ዘግቶ መውጫውን ብቻ ክፍት ተወው።

ሥራው ሲቆም ከተማ መቀመጥ በየቀኑ ብር ያስወጣል፣ ገጠር መመለስ ግን የመኪና ዋጋ ብቻ ይጠይቃል። ያውም የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ስለታዘዘ ታሪፉ እጥፍ ሆኖ። በዚያው ዓመት አጥኚዎች ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ የፓርኩን ሴት ሠራተኞች በስልክ ጠይቀው ያገኙትም ይህንኑ ነው። ሥራ ያጡት ከከተማ ወደ ገጠር ጎርፈዋል፤ የምግብ እጦቱም ከፍተኛ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር «ሥራ አጥ» ለመባል ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ሥራ አለመኖር፣ ለሥራ ዝግጁ መሆን፣ ሥራ መፈለግ። በንሳ ተመልሳ ከእናቷ ጋር እንሰት የምትፍቅ ልጅ ሦስቱን አታሟላም። ወይ «በግብርና የተሰማራች» ተብላ ትመዘገባለች፣ ወይ ከነጭራሹ ከሥራ ኃይሉ ትወጣለች። ሐዋሳ ቀርታ ደጃፍ ላይ ጀበና ጥዳ ቡና መሸጥ የጀመረችውም በመዝገብ «የራሷን ሥራ የፈጠረች» ናት። ስለዚህ ወረርሽኝ በእንደኛ ዓይነት አገር ያደረሰውን የሥራ ጉዳት በሥራ አጥነት መቶኛ ብቻ የሚለካ ሰው ሐዋሳ ምንም አልሆነችም ሊል ይችላል። ማየት ያለበት ሰው ከየት ወደ የት እንደሄደና የገቢው መጠን ምን ያህል እንደወረደ ነው።

ኪሳራውስ ማን ላይ አረፈ? ወትሮ ከከተማ ጥቂት ብር የሚላክለት የገጠር ቤት ብሩ ቀርቶ ተመጋቢ ተጨመረበት። በሌላ አገር የሥራ አጥነት መድን የሚከፍለውን እዚህ የከፈለችው የእናቷ ጓሮ ናት። ይህ ወጪ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ የለም፤ «ፓርኩ ርካሽ ጉልበት አለው» ሲባል ግን የርካሽነቱ ግማሽ ምክንያት ይኸው ነው።

ሴቶችን ለምን የበለጠ ጎዳ?

በዓለም ደረጃም እንዲሁ ነበር። የዓለም ሥራ ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 የሴቶች ቅጥር በ5 በመቶ፣ የወንዶች በ3.9 በመቶ ቀንሷል ብሏል፤ የወጣቶች ደግሞ በ8.7 በመቶ። ሐዋሳ ላይ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀድመው የቆሙት ሥራዎች፣ ማለትም ልብስ ስፌት፣ ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ቡና ማፍላትና የቤት ውስጥ ሥራ፣ በሴት እጅ ያሉ ናቸው። ትምህርት ቤት መጋቢት 7 ቀን 2012 ሲዘጋ ልጅ የምትጠብቀውም እናት ወይም ታላቅ እኅት ሆነች።

ሆቴሎቹ፣ ዓሣ ቤቶቹና ባጃጆቹስ?

የሐዋሳ ሆቴል የሚኖረው ሐይቁን ሊያይ በሚመጣ እንግዳ ብቻ አይደለም። ሙሽራና ቱሪስት ለቅዳሜና እሑድ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አዳራሹን የሚሞላው ሥልጠና፣ ግምገማ፣ ወርክሾፕ ነው፤ ከአዲስ አበባ ውሎ አበል ይዞ የሚወርደው የመንግሥትና የድርጅት ሰው ነው። ስብሰባ ሲከለከል የሆቴሉ ዋና ገቢ በአንድ ቀን ቆመ። አስተናጋጁ ደግሞ ከደመወዙ ይልቅ በቲፕና በሰርቪስ ቻርጅ ስለሚኖር፣ ደመወዙ ሳይቆረጥም ገቢው ተቆርጧል።

ከዚህ ዘርፍ የተማርነው ወረርሽኙ ሲያልፍም የማይመለስ ነገር እንዳለ ነው። መሥሪያ ቤቶች በዙም መሰብሰብ ለመዱ። ወርክሾፑ ተመልሷል፤ ነገር ግን ድሮ ሦስት ቀን የሚፈጀው አንድ ቀን ተኩል ሲሆን የአልጋውም፣ የምሳውም፣ የልብስ አጣቢዋም ሥራ አብሮ ያጥራል።

ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚያፀዱና የሚጠብሱ ወጣቶች የሆቴሎቹ ጥላ ናቸው፤ ሆቴሉ ሲቀዘቅዝ አብረው ቀዘቀዙ። ባጃጅ ላይ ደግሞ ጉዳቱ የተለየ መልክ ነበረው። ሾፌሩ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ የተወሰነ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈው የራሱ ነው። የሰው ቁጥር ሲገደብ መጀመሪያ የጠፋው ያ «የተረፈው» ነው።

የመንግሥት ሠራተኛውስ?

ደመወዙ አልተቋረጠም። የግል ትምህርት ቤት መምህሩ ግን ወላጅ በሚከፍለው ላይ ስለሚኖር በዚያ ዘመን የሁለቱ መምህራን ልዩነት ለሁሉም ግልጽ ሆኗል። ዛሬም ወጣቱ ዝቅ ባለ ደመወዝ የመንግሥት ሥራ ቢመርጥ ስንፍና ነው ለማለት እንቸገራለን።

ውጭ አገር የሚሠራ ዘመድ አልታደገንም?

ለአንዳንዱ ታድጓል። ሆኖም ወረርሽኝ ከድርቅና ከጎርፍ የሚለየው ላኪውንም ተቀባዩንም በአንድ ጊዜ መምታቱ ነው። ከሆሳዕናና ከአካባቢው ደቡብ አፍሪካ ሄደው ሱቅ የከፈቱት በመጋቢት 2012 አገሩ ሲዘጋ እነሱም ተዘጉ። ሳዑዲ ዓረቢያ በዚያው ሰሞን በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን መለሰች። ዘመድ ይረዳኛል ብሎ የነበረ ቤት ዘመዱን ተቀብሎ መርዳት ጀመረ።

የተጠቀመ ዘርፍ የለም?

አለ። አንዳንድ የፓርኩ ፋብሪካዎች ሸሚዝ ትተው ጭምብልና የሕክምና አልባሳት ሰፍተዋል፤ የተወሰኑ ላይኖች የቀጠሉት በዚህ ነው። የሲዳማ ቡናም አልወደቀም። ካፌዎች በዓለም ዙሪያ ቢዘጉም ሰው ቤቱ ውስጥ መጠጣቱን አላቆመም፤ በ2013 በጀት ዓመት የአገሪቱ ቡና ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ቡና ለቃሚና አጣቢ ጣቢያ ላይ የሚሠራው ሰው ከልብስ ሰፊዋ ይልቅ ተረጋግቶ ዓመቱን አልፏል። ግንቦት 2013 የጀመረው ቴሌብርም እግሩን የተከለው ሰው ከጥሬ ገንዘብ መራቅን በለመደበት ጊዜ ነው፤ የወኪልነት ሥራም ይዞ መጥቷል።

ወረርሽኝ ሲያልፍ ደመወዝ ይጨምራል የሚባለው እውነት ነው?

ታሪክ ላይ የተመሠረተ አባባል ነው፤ እኛ ዘንድ ግን አልሠራም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አውሮፓን የመታው ጥቁሩ ሞት እጅግ ብዙ ሰው ስለጨረሰ የሚያርስ፣ የሚያጭድ ጠፋ። የተረፈው ሠራተኛ ዋጋው ወጣ። እንግሊዝ በ1351 እ.ኤ.አ. ደመወዝ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እንዳያልፍ ሕግ እስከማውጣት ደርሳለች።

በእኛ አገር በኅዳር 1911 የገባው የኅዳር በሽታም ብዙ ሰው ቀጥፏል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠሉ የዚያ ትዝታ ነው። በዚያን ጊዜ ግን የአገሩ ሰው ከሞላ ጎደል በመሬት እንጂ በደመወዝ የሚኖር ስላልነበረ ከእንግሊዙ ጋር ማስተያየቱ ብዙ አያስኬድም።

ኮሮና ደግሞ በአብዛኛው የገደለው በዕድሜ የገፉትን ነው፤ የሥራ ጉልበት አላሳጣም። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ከ2021 እ.ኤ.አ. በኋላ ዝቅተኛ ተከፋዮች ደመወዝ የጨመረላቸው መንግሥት በሰጠው ድጎማ ቤታቸው ተቀምጠው መምረጥ ስለቻሉ ጭምር ነው። ሐዋሳ ላይ መምረጥ የቻለ ማን አለ? ፋብሪካው በር ሲከፈት በሩ ላይ የሚሰለፈው ከበፊቱ አላነሰም። ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ይህንን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነው የተወው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ደሞዝ ቢጨመርም ያው መግዛት የሚችለው ቀንሷል።

ፓርኩን ያዳከመው ኮሮና ነው ወይስ ጦርነቱ?

ሁለቱን አደባልቆ «በኮሮና ምክንያት» ማለት ለብዙ ወገን ይመቻል፤ ቀኖቹን ብናስቀምጥ ይሻላል። የትእዛዝ መሰረዙ የመጋቢትና የሚያዝያ 2012 ነገር ነው፤ ዓመቱ ሳያልቅ ትእዛዝ መመለስ ጀምሯል። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2013 ተነሣ። ከፓርኩ መሥራች ገዢዎች አንዱ የሆነው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በ2014 መጀመሪያ ወራት ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ የጠቀሰው የአገሪቱን ሁኔታ መባባስ እንጂ በሽታውን አይደለም። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ታገደች፤ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መላክ ቀረ። የዚህኛው ጉዳት ከወረርሽኙ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። በወረርሽኝ የተሰረዘ ትእዛዝ ተመልሶ ይመጣል፤ ቀረጥ ሲጨመርበት ግን ገዢው ሌላ አገር ይፈልጋል።

ኮሮና ያደረገው ፋብሪካዎቹን ያለ ጥሪትና ያለ ልምድ ያለው ሠራተኛ ለሁለተኛው ዱላ ማድረስ ነው።

የሥራ አጥነት መድን ለምን የለንም? ጡረታ እየተቆረጠብን አይደለም?

ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ያ ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለተተኪዎች ነው፤ ሥራ ላጣ የ22 ዓመት ወጣት አይከፍልም። በከተማ ሴፍቲኔት የታቀፉ ድሆች (ሐዋሳ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ናት) በወረርሽኙ ጊዜ ሥራ ሳይወጡ የሦስት ወር ክፍያ ቀድሞ ተሰጥቷቸዋል። የዓለም ሥራ ድርጅትም በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ኢትዮጵያን ጨምሮ ሰባት አገሮች ውስጥ የልብስ ሠራተኞችን ደግፏል። ሁለቱም ጠቃሚ ነበሩ፣ ሁለቱም ጊዜያዊ። ዕቁብም ቢሆን በዚያ ሰሞን ብዙው ተቋርጧል፤ ሁሉም ገቢ ባጣበት ወር ማን ይጥላል?

ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ አሠሪዬ ምን ማድረግ ይችላል፣ ምን አይችልም?

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ስላበቃ መለኪያው አዋጅ 1156/2011 ነው። አሠሪው ሁለት መንገድ አለው፤ ሁለቱን መለየት ይገባል።

አንደኛው እገዳ ነው። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በራሱ ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቆም ከሆነ ውሉን ማገድ ይችላል። ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። እገዳው ከ90 ቀን አይበልጥም። በእገዳ ጊዜ ደመወዝ አይከፈል ይሆናል፤ ውሉ ግን አልፈረሰም። ጊዜው ባለቀ ማግሥት ሥራ ቦታ ተገኙ፤ አሠሪው የመመለስ ግዴታ አለበት። ገጠር ከሄዳችሁ ይህን ቀን መርሳት ብዙ ያስከፍላል።

ሁለተኛው ቅነሳ ነው። ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶ፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው ሲቀነስ የቅነሳ ሥርዓት መከተል ግድ ይላል። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያና ካሣ አለው። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። አማካይ የቀን ደመወዝሽ 100 ብር ሆኖ ሦስት ዓመት ከሠራሽ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ማለትም 3,000 ብር። ለተከታዮቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፣ ማለትም 1,000 እና 1,000። በቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን ተጨማሪ፣ 6,000 ብር። ድምሩ 11,000 ብር ነው፤ ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ለብቻው ይታሰባል።

«ለቅቄያለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ከዚህ አብዛኛውን ሊያጣ ይችላል። ያልገባችሁን ወረቀት ፎቶ አንሡት፣ ለሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ለሚያነብላችሁ ሰው አሳዩት፣ ከዚያ በኋላ ወስኑ።

በ2012 ከሥራ ተባርሬ ነበር፤ አሁን መክሰስ እችላለሁ?

ለዚያ ጉዳይ ጊዜው አልፏል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ የይርጋ ጊዜው (መክሰስ የሚቻልበት ገደብ) ሦስት ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት እንዲሁም ከስንብት የሚመጣ ክፍያ ስድስት ወር፣ ሌላው በሥራ ውሉ ላይ የተመሠረተ ክርክር አንድ ዓመት ነው። ዘንድሮ የተባረረ ካለ ግን የስንብት ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ ይቁጠር፤ ደብዳቤ ካልተሰጠው በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የደመወዝ ደረሰኝና የሥራ መታወቂያም አይጣል።